ቅልና ዋንጫ

በአንድ ወቅት ብቅል አምባ የምትባል ከተማ ነበረች። ሰዎቿ የሚኖሩት ከጋን በሚወጣ ነገር ነበር። ወንዱ ገብስና ጌሾ ያበቅላል፤ ሴቷ ጠላ ትጠምቃለች፣ አረቄ ታወጣለች፤ የሩቅ አገር ነጋዴ በበቅሎ እየመጣ ጭኖ ይሄዳል። በዚያች ከተማ የጋን ባለቤት የሆነች ሴት በጉባኤ ላይ እንደ ወንድ ቆማ ትናገር ነበር፤ ሰውም ያዳምጣት ነበር።

ከተማዋ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበራት። ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው ሰው ጠላም ሆነ አረቄ አይቀምስም። ድግስ ላይ ያልደረሱት በቅል ብርዝ ይጠጣሉ፤ ብርዝ ያልፈላ ማርና ውኃ ነው፣ ማንንም አያሰክርም። ሃያ አንድ ሲሞላቸው ቅላቸውን መልሰው የቀንድ ዋንጫ ይቀበላሉ። ላልደረሰ ልጅ መጠጥ የቀዳ ሰው ደግሞ ጋኑ በአደባባይ ይሰበራል። ደንቡን ያወጡት አያቶች ናቸው። በአንድ ሠርግ ላይ ሁለት ጎረምሶች ሰክረው ተጋደሉ፤ የሟች እናትና የገዳይ እናት እጅ ለእጅ ተያይዘው ጉባኤው ፊት ቀረቡ፤ ደንብ ይውጣ ብለው የጠየቁት ተፈጸመላቸው። ከዚያ ወዲህ በደንቡ ላይ እጁን ያነሣ አልነበረም።

በብቅል አምባ አራት እህትና ወንድሞች ይኖሩ ነበር። አባታቸው ቀድሞ ሞቷል። እናታቸውም የመጨረሻውን ልጅ ወልዳ ከአራስ ቤት ሳትወጣ አረፈች። ሕፃኑ እንዳልክ ይባላል። ያሳደጉት ሦስቱ ታላላቆቹ ናቸው።

እህቱ ዘርትሁን ጡቷን ሰጠችው። ያኔ የራሷን ልጅ ታጠባ ነበር። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዛ ሁለቱንም አሳደገች፤ ወተቱ ያነሰ ቀን የሚያለቅሰው የራሷ ልጅ ነበር። በኋላ የከተማዋ ምርጥ ጠማቂ ሆነች።

ወንድሙ ጫኔ አዘለው። ጡት ከተወ ጀምሮ እስኪጎረምስ ድረስ የእንዳልክ መቀመጫ የጫኔ ትከሻ ነበር። ጫኔ ግን ያኔ ጠጪ ነበር። አንድ ቀን ሰክሮ ሲሄድ ልጁን ከትከሻው ጣለው፤ እንዳልክ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ቀረበት። ጫኔ በማግሥቱ ገዳም ወርዶ ተገዘተ፤ መጠጥ ላይቀምስ፣ የጠላ ቤት ደፍም ላይረግጥ። ግዝቱንም ጠበቀ።

ታላቅ ወንድሙ ደርበው ቤት ሰጠው። ከጎረመሰ በኋላ ከልጆቹ ሳይለይ አኖረው፣ እርሻ አስተማረው፣ በስሙ ጥጃ አሳደገለት። ደርበው የከተማዋ ደንብ ጠባቂዎች አለቃ ነበር። ዱላውን ይዞ ሲያልፍ እናቶች «ደርበው ካለ ልጄ ደህና ነው» ይላሉ። ልጆቹ የሚሉት ሌላ ነው፤ እሱን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

እንዳልክ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሞላው ዓመት፣ እኩያው ውብሸት ሊያገባ ሆነ። የሠርጉን ቀን ለጉባኤው ሲያስታውቁ አያ ሞላ የሚባሉ ቀልደኛ ሽማግሌ ብድግ አሉ።

«እኔ ያልገባኝ ነገር አለ» አሉ። «ሙሽራው ሚስት ይዞ ዳስ ውስጥ ይቀመጣል። እኛ ዋንጫ እናነሣለን፣ እሱ በቅል ብርዝ ይጠጣል። ሚስት ሰጥታችሁ ጠላ ትከለክሉታላችሁ? ከሁለቱ የቱ ነው ሰውን የሚያናውዝ?»

ሚስታቸው ከሴቶቹ መካከል «እርስዎን ያናወዘዎት ሁለቱም ነው!» ብለው መለሱላቸው፤ ጉባኤው በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ ሲበርድ ነገሩ ሳይበርድ ቀረ። አንዱ ተነሥቶ «እውነት ነው፤ አሥራ ስምንት የሞላው ያርሳል፣ ያገባል፣ ዘመቻ ቢመጣ ይሞታል» አለ። ሌላው «ይሞታል ብለህ ነው እንዲጠጣ የምትፈቅድለት?» አለው። እንዲህ እንዲህ እያለ ዕድሜው ከሃያ አንድ ወደ አሥራ ስምንት ይውረድ የሚል ክርክር ተከፈተ። ሁለቱን ወገኖች ይዘው የቆሙት ደግሞ የእንዳልክ እህትና ወንድም ነበሩ።

ዘርትሁን ይውረድ አለች። «ልጆቹ እየጠጡ ነው። አይጠጡም የሚል ካለ ወጥቶ የሚሸሸጉበትን ገደል ይይ፤ ጠርሙሱን ያገኘዋል። ተሸሽጎ የሚጠጣ ሰው አያጣጥምም፣ ይውጣል። ማዕድ ላይ ቢሆን እህል አስቀድሜ፣ ቀጠን ያለውን ቀድቼ፣ ሲበዛ በቃህ እለዋለሁ። ገደል ውስጥ ማን በቃህ ይለዋል?»

ደርበው አይውረድ አለ። «አሥራ ስምንት ብትሉ አሥራ አምስቱ ይጠጣል። ሃያ አንድ ስላልን ነው ዛሬ አሥራ ዘጠኙ የሚሸሸገው። አጥር የሚታጠረው አዝመራው ሥር አይደለም፣ ራቅ ተደርጎ ነው። በሬው አንገቱን ቢያሰግግ እንኳ እንዳይደርስ።» ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «ለመሆኑ በቃህ ስትይው የሰማሽው ልጅ ማን ነው?»

«ጋን አለኝ እንጂ ልጅ አጠጣሁ አላልኩም» አለች ዘርትሁን። ሰዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ጫኔን «አንተስ?» ብለው ጠየቁት። ከሰው ራቅ ብሎ ግንብ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ስለ መጠጥ የእኔን ቃል አትመኑ» አላቸው። «ቁጥር አልመርጥም።»

ይውረድ ያሉ ጉባኤው ከሚሰበሰብበት ዋርካ በስተቀኝ፣ አይውረድ ያሉ በስተግራ ቆሙ። ቢቆጠሩ እኩል ሆኑ። ጉባኤ እኩል ሲከፈል በብቅል አምባ አንድ ልማድ አለ። ነገሩ እስከሚቀጥለው ሞት ይቆያል። ሞት ሲመጣ፣ በአርባኛው ቀን ተዝካር ላይ፣ የሟቹ ዋና ሐዘንተኛ መሬት ላይ ከተነጠፈ ቁርበት ላይ ይቀመጥና ለማን እንደሚያደላ አንድ ቃል ይናገራል። የቁርበት ቃል ይሉታል። ያዘነ ሰው አይዋሽም ብለው ያምናሉ። ዋና ሐዘንተኛው ደግሞ ሟቹን ያሳደገ ወይም ሟቹ ያሳደገው ነው።

ጉባኤው ሲበተን ሰው ሁሉ ሽማግሌዎቹን በዓይኑ ለቀመ። አያ ሞላ ተቆጡ። «ምን ታፈጡብኛላችሁ? እኔ ገና ነኝ! ከፈለጋችሁ ዳኛ ገበየሁን እዩ፣ ከዐቢይ ጾም ጀምሮ ያስላቸዋል።»

የውብሸት ሠርግ በጥር ዋለ። የዚያ ዓመት ጥር ብርድ የጠና ነበር። ዘርትሁን ለመልሱ ቀን ጠላ እንድታደርስ ታዝዛ ስለነበር ጠላ ቤቷን በጋን ሞላችው። ድፍድፍ በብርድ አይሠራም፤ እንዲሞቀው ብላ መስኮቱን በጭቃ መረገችው፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፈችው። ጠማቂ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ጠማቂ ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል፤ ድፍድፍ በሚተነፍስበት ቤት ሰው አይተኛም። ትንፋሹ ከባድ ነው፣ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ዝቅ ያለውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስደዋል። ስለዚህ ወደ ጠላ ቤት ሲገባ ኩራዝ ይያዛል፤ መብራቱ ወደ መሬት ሲወርድ ከደከመ ተመልሶ ይወጣል። በብቅል አምባ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ሌላ ሰው የማያውቀው ነገርም ነበር። ዘርትሁን ላለፈው አንድ ዓመት እንዳልክን እያጠጣችው ነበር። እሑድ እሑድ ቤቷ ይመጣል። እንጀራ ታስቀድምለታለች፣ ቀጠን ያለ ጠላ በትንሽ ዋንጫ ትቀዳለታለች፣ ሁለተኛ ሲጠይቅ ዋንጫውን ትደፋዋለች። አንድም ቀን ሰክሮ ከቤቷ አልወጣም። ደንቡን መስበሯን ታውቅ ነበር። እያዳንኩት ነው ብላ ታምን ነበር።

በሠርጉ ቀን እንዳልክ ከሚዜዎቹ አንዱ ነበር። እድምተኛው ብርዝ የያዙትን ሚዜዎች እየጠቆመ ሲቀልድ ዋለ። «ኧረ ሙሽራውን ወተት ስጡት!» ይላል አንዱ። «ጥርስ አውጥቷል ወይ?» ይላል ሌላው። እንዳልክ ወደ ዳሱ ጓሮ፣ ዘርትሁን ወደምትቀዳበት ሄደ።

«እታለም፣ አንዲት ዋንጫ። ከሰው ዞር ብዬ እጠጣታለሁ።»

«ዛሬ አይሆንም። አገር እያየን ነው፤ ደርበውም ማዶ ቆሟል።»

«እሑድ የሆነው ዛሬ ምን አገኘው?»

«እሑድ ና። አሁን ሂድና እህል ብላ።»

እህል አልበላም። ጓደኞቹ ከዳሱ በታች ካለው ገደል ውስጥ የተሰረቀ አረቄ ይዘው ይጠብቁት ነበር። ሲያመነታ «ተዉት፣ የዱላው ወንድም ነው፤ ይፈራል» አሉት። ይህን ሲሉት ጠርሙሱን ተቀብሎ አንደቀደቀው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው።

ደርበው ወሬው ደረሰውና ዱላውን ይዞ ወደ ገደሉ ወረደ። ወንድሙ እዚያ መኖሩን ነግረውታል። «ወንድሜ ከሆነ ይብሳል» አለ እንጂ አልተመለሰም። ልጆቹ ሲያዩት እንደ ጅግራ ተበተኑ። እንዳልክም ሮጠ። አረቄው በባዶ ሆዱ፣ ሩጫው በአረቄው ላይ ሆኖ ከዘርትሁን ጠላ ቤት በላይ ያለው መንገድ ላይ ወደቀ።

ጫኔ አገኘው። ድግስ ሲሆን መጠጥ ሽሽት በመንገዱ ላይ ብቻውን የመዘዋወር ልማድ ነበረው። ወንድሙን እንደ ልጅነቱ አዘለው። የደርበው ሰዎች ድምፅ ከታች ይሰማል። እንዳልክ «አያ፣ ደርበው እንዳያየኝ» አለው። ሌላ ቃል አልተናገረም። በአካባቢው የነበረው በር የዘርትሁን ጠላ ቤት በር ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም፣ ሁሉም ሠርግ ላይ ነው። ጫኔ ግዝቱን ብቻ አሰበ፤ ከተገዘተ ወዲህ ጠላ ቤት ገብቶ ስለማያውቅ ኩራዙ ትዝ አላለውም። ከዚያ ደፉን ረግጦ ገባ።

የጠላው ሽታ አሮጌ ጥማቱን እንዳይቀሰቅስበት አፍንጫውን ያዘ፣ ትንፋሹን ዋጠ። ወንድሙን ከጋኖቹ መካከል በጎኑ አስተኛው፣ ጋቢውን አውልቆ አለበሰው፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። ወተት አምጥቶ ሊያጠጣው ነበር ያሰበው። እዚያ ቤት ውስጥ አንዴ እንኳ ቢተነፍስ ኖሮ አየሩ እንደሚያንቅ ያውቅ ነበር። አልተነፈሰም።

መንገድ ላይ ደርበው ገጠመው።

«እንዳልክን አየኸው?»

«አላየሁትም፣ አያ።»

«በእናታችን ሞት?»

ጫኔ መሬት መሬት አየ። «በእናታችን ሞት አላየሁትም።»

ጫኔ ሐሰተኛ ሆኖ አያውቅም። ደርበው አመነውና መንገዱን ቀጠለ። ጠላ ቤቱ ጋ ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። በድግስ ቀን ባለቤት የሌለውን ጠላ ቤት ከሌባ ልጆች መጠበቅ የጠባቂ ግዴታ ነው። «ማን አለ?» ብሎ ተጣራ። የመለሰለት የለም። ወንድሙ ስለማለለት ገብቶ ማየት አላስፈለገውም። መወርወሪያውን ከውጭ አስገብቶ፣ የጠባቂዎቹን ገመድ አስሮ ሄደ።

ጫኔ ወተቱን ይዞ ሲመለስ በሩ ተቆልፏል፣ የጠባቂዎቹ ገመድ ታስሮበታል። «ደርበው አግኝቶታል፣ ወስዶታል» ብሎ አሰበ። እንዳይሄድና እንዳይለምነው በእናቱ ሞት በሐሰት ምሏል። አፈረ። ቢሆንም ልቡ አረፈ፤ ቢቆጣውም ወንድሙ ዘንድ ነው። ወተቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅም አልተነሣም።

ከዚያ ኀፍረቱን ዋጥ አድርጎ ወደ ዳሱ ሄደ። ደርበውን ጠርቶ «አያ፣ ልቀቀው። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለው።

«ማንን ነው የምለቀው?»

ጠላ ይዛ ታልፍ የነበረችው ዘርትሁን ቆመች። «ጫኔ፣ የት ነው ያስቀመጥከው?»

«አንቺ ቤት። ከጋኖቹ መካከል።»

ማንቆርቆሪያው ከእጇ ወደቀ። ሦስቱም ሮጡ። ዘፈኑ ከኋላቸው ቀጥሏል፣ ከበሮውም ይመታል። ደርበው ራሱ ያሰረውን ገመድ መፍታት ቢያቅተው በጥርሱ በጠሰው። ዘርትሁን ኩራዙን ይዛ ገባች። ወገቧ ላይ ሲደርስ መብራቱ ይነድ ነበር። ወደ ወንድሟ ስታጎነብስ ጉልበቷ ላይ ጠፋ።

እንዳልክን ጋቢውን እንደለበሰ አወጡት። ቅንድቡ ላይ ካለው ጠባሳ በቀር ምልክት አልነበረበትም።

ተሸክመው የቀበሩት እኩዮቹ ናቸው። ሙሽራው ውብሸት ከፊት ያዘ። ዋንጫ ሳይቀበል ስለሞተ ቅሉን መቃብሩ ላይ ደፉለት።

በሦስተኛው ቀን ዘርትሁን አደባባይ ወጥታ ለአንድ ዓመት እንዳልክን ስታጠጣው እንደነበረ ለሰው ሁሉ ነገረች። «ደንቡን ፈጽሙ» አለች። ጋን መስበር የደርበው ሥራ ነው። ደርበው ደጇ ድረስ ሄደ፣ ዱላውን አነሣ፣ እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዘርትሁን ዱላውን ነጥቃ ጋኖቿን አንድ በአንድ ሰበረቻቸው። ጠላው በመንገዱ ወረደ። ደርበው ዱላውን ከመሬት አንሥቶ ለዳኛው አስረከበ። «ከእንግዲህ የማሳድደው ልጅ የለም» አለ።

ጉባኤው በዋርካው ሥር በድጋሚ ተሰበሰበ፣ ምናልባት ከሞቱ በኋላ ሐሳቡን የለወጠ ሰው ካለ እንዲታይ። ሐሳባቸውን የለወጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አይውረድ ብሎ በግራ ቆሞ የነበረው ደርበው ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሄደ። ይውረድ ብላ በቀኝ ቆማ የነበረችው ዘርትሁን ተነሥታ ወደ ግራ ሄደች። መካከል ላይ ተላለፉ፤ አልተያዩም። ጉባኤው እንደገና እኩል ሆነ።

ስለዚህ ነገሩ ወደ ቁርበቱ ሄደ። አርባው ደረሰ። የተዝካሩን ጠላ ጎረቤት አዋጥቶ ጠምቆታል። ዳኛው ገበየሁ ቁርበቱን ከዳሱ መካከል አነጠፉና «የእንዳልክ ዋና ሐዘንተኛ ይቀመጥ» አሉ። ሦስቱም ተነሡ።

መጀመሪያ የተናገረችው ዘርትሁን ነች። «ቁርበቱ የእኔ ነው። እናቱ ብትኖር የምትቀመጠው እሷ ነበረች፤ ጡቷን የተካሁ እኔ ነኝ። ብቀመጥ ሃያ አንድ ነው የምለው። እሑድ እሑድ በቃህ ስለው አስተማርኩት መስሎኝ ነበር። ጥማትን ነው ያስተማርኩት። በሌላው ቀን ማን በቃህ እንደሚለው አላሰብኩም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።» ከሰው መካከል አንዲት ሴት «እውነቷን ነው» አለች። ሌላዋ ግን «እሑዱን ብትቀጥልበት፣ ሠርጉ ላይ አንዲት ዋንጫ ብትሰጠው ገደል አይወርድም ነበር። አሁን የምትናገረው ፀፀቷ ነው» አለች።

ቀጥሎ ደርበው ተናገረ። «ቁርበቱ የእኔ ነው። ሲሞት የሚኖረው በእኔ ቤት ነበር፤ አልጋው ባዶ የሆነው በእኔ ጣሪያ ሥር ነው። ብቀመጥ አሥራ ስምንት ነው የምለው። ወንድሜ ሲወድቅ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ‹ደርበው እንዳያየኝ› ነው። አጥሩን ራቅ አድርጌ አጠርኩ፤ ሲያጣጥር ሊጠራኝ እንኳ ሳይችል ቀረ። ዱላ የያዘ ሰው ይህን ካልተናገረ ማን ይናገረዋል?» አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ነቀነቁ። አጠገባቸው ያለው ግን «ስንቱን ልጅ ያ ዱላ ከገደል መልሶታል፤ የተመለሰ ልጅ ተዝካር ስለሌለው አይቆጠርም። ይህም የሚናገረው ፀፀቱ ነው» አለ።

ጫኔ በመጨረሻ ተናገረ። ከአርባ ቀን በፊት ከነበረው ሰውነቱ ግማሹ ነው የቀረው። «ቁርበቱ የእኔ ነው» አለ። «ትከሻዬ ላይ አደገ፣ ትከሻዬ ላይ ሆኖ ሄደ። ለእሱ ስል ግዝቴን ጣስኩ፣ በእናቴ ሞት በሐሰት ማልሁ፤ ለእሱ ሲል ነፍሱን ያስያዘ ከእኔ ሌላ የለም።»

«ብትቀመጥ ምን ትላለህ?» አሉት ዳኛው።

«አላውቅም።»

ጉምጉምታ ተነሣ። ጫኔ እስኪበርድ ጠበቀ። «ሁለቱም ቃላቸውን ይዘው ነው የመጡት። ቁርበቱ የተነጠፈው ግን ላዘነ ነው፣ ለወሰነ አይደለም። እኔ ሰክሬም አይቻለሁ፣ ትቼም አይቻለሁ። ተሸሽጌም ጠጥቻለሁ፣ ሸሽጌም ገድያለሁ። ልቀመጥና ልቤ የሚለውን ልስማ። ምን እንደሚል ቀድሜ ብነግራችሁ ዋሽቻለሁ።»

«ይህ ነው ሐዘንተኛ!» አለ አንዱ። ሌላው ከኋላ ጮኸ፤ «አስተኝቶት የሄደውን፣ በእናቱ ሞት የማለውን ነው ያልዋሸ የምትሉት? የልጆቻችንን ነገር ምን እንደሚል ለማያውቅ ሰው እንስጥ?»

አያ ሞላ እንኳ ያን ቀን አልቀለዱም። «ዳኛ፣ ቶሎ ይበሉ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው እስኪስማማ ጠላ አይጠብቅም።»

እውነታቸውን ነበር። ጠላው ተጣርቶ ቀርቧል። የቀንድ ዋንጫዎቹ ከዳሱ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ቅሎቹ ከሥር ተደርድረዋል። እንዳልክን ተሸክመው የቀበሩት እኩዮቹ፣ ያን ቀን ገደል ውስጥ ጠርሙሱን ያቀበሉት ጭምር፣ ተሰልፈው ቆመዋል። ከፊት ውብሸት ነው። ሚስቱ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ፊቱ ቆማለች፤ በየትኛው እንደምትቀዳ የሚነግራትን ትጠብቃለች። የውብሸት እጅ አንዴ ወደ ቅሉ፣ አንዴ ወደ ዋንጫው ይሄድና ይመለሳል። ያን ልጅ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ነገ ሠርግ አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ፣ ገደሉም እዚያው ነው።

ቁርበቱ ተነጥፏል። ሦስቱ ዙሪያውን ቆመዋል። አንዷ ጡት ሰጥታ ያጠጣችው፣ አንዱ ቤት ሰጥቶ የዘጋበት፣ አንዱ አዝሎ ያስተኛው። ዳኛው ገበየሁ ሦስቱንም አይተው ሲያበቁ ወደ ሕዝቡ ዞሩ፤ ጥያቄውንም ለሕዝቡ ሰጡ። ሕዝቡ እስካሁን አልመለሰም፤ እኔም አልመለስኩም፤ ለእናንተ አሳልፌያለሁ።

ልጅ ያላችሁም የሌላችሁም፣ ፍረዱ፤ ከሦስቱ ቁርበቱ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው ማን ነው?